የታችኛው ውሃ

ሚያዝያ 3፣ ሰኞ

ዓሣ ሳጸዳ ዋልኩ። ቅርፊት፣ ሆድ ዕቃ፣ ውሃ፣ እንደገና ቅርፊት። ነፋስ አልነበረም። ቢላዋዬ ዶልዱሟል።

አጠገቤ የምትሠራው ሬዲዮ... አፏ ስለማይዘጋ ነው እንዲህ የምንላት... ስለ ባሏ ወገብ ስታወራ ዋለች። ዝም ስላት "ምነው ዛሬ ደግሞ?" አለችኝ። ምነው ዛሬ! ትልቁ ልጄ ሐይቁ ውስጥ ነው። ትናንትም እዚያው ነበር።

ከዚያ አንዱን ዓሣ በጭራው አንጠልጥላ "ኧረ እዩት ይኼን፣ ምን በልቶ ነው እንዲህ የደለበው!" አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ሌሎቹ ሴቶች አቀረቀሩ። ዓሣውን ተቀበልኳትና ሆዱን ቀድጄ አየሁ። ትናንሽ ዓሦች።

"ዓሣ ነው የበላው" አልኳት። ሥራችንን ቀጠልን።

ሚያዝያ 5

የሐይቅ ጥበቃው አለቃ ቢሮ ሄድኩ። ወንበር ሰጠኝ። ሁልጊዜ ወንበር ይሰጠኛል። ሌላ የሚሰጠኝ ነገር የለም።

"ፍለጋው ቆሟል፣ እናቴ። ትንሹ ልጅዎ ያሳየንን ቦታ፣ ሸምበቆው ፊት ለፊት ያለውን፣ ዙሪያውንም ጭምር በመንጠቆ አበጥረነዋል። የለም።"

"የት ሄደ ታዲያ?"

"ወይ ውሃው ወስዶታል፣ ወይ ታች ነው፣ አንድ ቀን ይነሳል።"

"መቼ ነው የሚነሳው?"

"የታችኛው ውሃ ሲሞቅ። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ አስከሬን አይነሳም። እዚያው ይቀራል።"

"ስንት ነው የታችኛው ውሃ?"

"ምኑ?"

"ቅዝቃዜው።"

"ኧረ በጣም ይቀዘቅዛል።"

"በጣም ስንት ነው?"

ሳቅ ሊል ነበር፣ ተወው። "ለክቶት የሚያውቅ የለም፣ እናቴ። ስድሳ ሜትር እኮ ነው። ማን ይወርዳል?"

የወረደ አለ። ወንበሩን ወደ ቦታው መልሼ ወጣሁ።

ሚያዝያ 6

ትንሹን እንደገና አስነገርኩት። ራት እያቀረብኩለት። ደጋግሞ ነግሮኛል። ሲናገር ግን ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ጀልባዋ እንደ እግረኛ ቀስ እያለች ትሄድ ነበር። ዓሣ የሚይዙት እንዲህ እየጎተቱ ነው። ከባድ የብረት ኳስ በሽቦ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ከኳሱ ጋር ክር፣ ክሩ ጫፍ ላይ መንጠቆ ያለበት የውሸት ዓሣ። ኳሱን ታች ድንጋይ ያዘው። ትልቁ ሽቦውን ሊያስለቅቅ ጎንበስ አለ። ማዕበል መጣ። ወደቀ። ቦቲው ውሃ ሞላ። በቃ።

"ተንሳፋፊ ሰደርያውስ?"

"ተቀምጦበት ነበር፣ እማ። ለመቀመጫ ነበር የሚያደርገው።"

"ያንተስ?"

"ለብሼው ነበር።"

"ለምን ለበስከው?"

አንገቱን ደፋ። ሾርባው ቀዘቀዘ። አላሞቅሁለትም።

ሚያዝያ 9

ትንሹ ወደ ሥራ እመለሳለሁ አለ። ጀልባዋ ቆማ ትበስብስ ወይ፣ አለኝ። ትበስብስ ልለው ነበር።

"ግን መለኪያ እንግዛ፣ እማ። ያለ መለኪያ አልችልም።"

"ምን የሚለካ?"

አስረዳኝ። ዓሣው የሚወደው ሙቀት አለ። ላይኛው ውሃ ይሞቅበታል፣ ታችኛው ይቀዘቅዝበታል፣ መካከል ላይ እንደ ቀበቶ የተዘረጋ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው። ቀበቶው ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። የውሸት ዓሣው ደግሞ በልክ ካልፈጠነ አይነክሱትም። ጀልባዋ ላይ የምታየው ፍጥነት ታች ያለው ፍጥነት አይደለም። ታች ያለው ውሃ የራሱ አካሄድ አለው።

"ወንድሜ ሽቦውን በጣቱ ይዞ ያውቀው ነበር። ሲንቀጠቀጥ ይሰማው ነበር። የኔ ጣት አይሰማም።"

አይሰማም። እሱንስ አውቃለሁ።

"ይኼ መለኪያ የታችኛውን ውሃ ቅዝቃዜ ይነግረናል?" አልኩት።

"ይነግረናል። ቅዝቃዜውንም፣ አካሄዱንም።"

"እንግዛ።"

ደስ አለው። ጉንጬን ሳመኝ። ለዓሣ መስሎት።

ሚያዝያ 12

አብሬው ሱቅ ሄድኩ። ቤንዚንና ላስቲክ የሚሸት ጠባብ ሱቅ። ባለሱቁን ወርቅ ጥርስ ይሉታል፤ ሲስቅ የሚስቀው ጥርሱን ለማሳየት ነው። ትንሹ የፈለግነውን ነገረው። ሁለት ካርቶን አውርዶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

አንደኛው ባለ ድምፅ ነው። ከኳሱ ከፍ ብሎ ሽቦው ላይ ይታሰራል፣ የለካውን ሰው በማይሰማው ድምፅ ይልካል። ከጀልባዋ ሆድ ሥር የሚለጠፍ ጆሮ አለው። ጆሮው ሰምቶ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ያወጣል። ሁለተኛው ባለ ሽቦ ነው። የለካውን በሽቦው ውስጥ ነው የሚልከው። ተራ ሽቦ ግን አይሆንም፣ ፕላስቲክ የለበሰ መሆን አለበት። አሮጌውን ሁሉ ከመጠቅለያው አውርዶ መቀየር ነው። ሁለቱም ውሃ ሲገፋት የምትዞር ትንሽ ጎማ አላቸው። ፍጥነት የምትቆጥረው እሷ ናት። እፍ አልኩባት። ዞረች።

"ለእናንተ ባለ ድምፁ ነው" አለ ወርቅ ጥርስ። "መለጠፍ፣ ማሰር፣ መሄድ። ጣጣ የለውም።"

"እኔም እሱን ነው ያሰብኩት" አለ ትንሹ።

"እስከ ስንት ሜትር ይሰማል?" አልኩ እኔ።

"አርባም የሚሉ አሉ። እርስዎ ሠላሳ ይበሉት፣ እማማ።"

"ስድሳስ?"

"ዓሣው እኮ ከሠላሳ በታች አይወርድም። ስድሳ ላይ ማን አለና ነው?"

"የመጀመሪያ ልጄ።"

ትንሹ ወደ በሩ ዞረ። ወርቅ ጥርስ ጥርሱን ከደነ። ግን ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ካርቶን በክርኑ ገፋ አደረገና "እንግዲያውስ ባለ ሽቦው ነው" አለ።

ትንሹ ለመነው። መጀመሪያ ባለ ድምፁን እንሞክር፣ ብቻ እንሞክረው። ሰጠን።

ሚያዝያ 15

ጀልባዋ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ዋና አልችልም። ትንሹ ሰደርያውን አውልቆ ሊያለብሰኝ መጣ። "ልበሰው፣ አንተ ትወደዋለህ" አልኩት። ለበሰው።

ኳሱን ማውረድ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ እየወረደ ሄደ። ሃያ ሁለት ዲግሪ። አሥራ ስምንት። አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ "ይኼውልሽ! የዓሣው ቤት!" ብሎ ጮኸ። እንደ ሕፃን። ሃያ ስምንት ሜትር ላይ ነው። ከዚያ አቆመው።

"አውርደው።"

"ከዚህ በታች ጆሮው አይሰማም፣ እማ።"

"አውርደው አልኩህ።"

አወረደው። ቁጥሩ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ብልጭ ድርግም አለና ጠፋ። ሰረዝ መጣ። ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ። ጆሮው እንዲሰማ ሞተሩን አስጠፋሁት። ያው ሰረዝ።

ለሱ እስከ ዘጠኝ ይበቃዋል። የኔ ልጅ ያለው ሰረዙ ላይ ነው።

ሚያዝያ 16

ተጣላን። ባለ ድምፁን እንያዝ አለ። አንድ ቀን ይፈጃል፣ ነገ ሥራ እገባለሁ። ባለ ሽቦውን ለመግጠም ሳምንት።

"መለኪያው እኮ እንድንኖርበት ነው፣ እማ። የሞተ ሰው አያመጣም።"

"ለመኖርማ አንተ መቼ አቃተህ?"

ከዚያ እኔ "ከሁለታችሁ አንዳችሁ መቅረት ካለበት..." አልኩና አቆምኩ።

"ጨርሺው" አለ።

አልጨረስኩትም።

"ጨርሺው እንጂ፣ እማ። ያዝ ያደረገሽ ምንድን ነው?"

ተነስቼ ሳህን አጠብኩ። መጨረስ አያስፈልገውም ነበር። ገብቶታል።

ሚያዝያ 18

የትልቁን ሞተር ብስክሌት ሸጬ ባለ ሽቦውን ገዛሁ። ብቻዬን ሄጄ። ወርቅ ጥርስ እስከ በሩ ሸኘኝ።

ሚያዝያ 21

ትንሹ አሮጌውን ሽቦ አውርዶ አዲሱን እየጠቀለለ ነው። አያናግረኝም። እኔም አላናግረውም። ጥሩ ይሠራል ግን። ከወንድሙ ነው የተማረው።

መለኪያውን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ሞከርኩት። ለብ ያለ ውሃ ሳደርግ ቁጥሩ ወጣ፣ ከዓሣው በረዶ ስጨምርበት ወረደ። ልክ ይሁን አይሁን በምን ልወቅ? የትኩሳት መለኪያችንን ከመሳቢያ አወጣሁ፣ ልጆቹ ሲያተኩሱ ብብታቸው ሥር የማደርገውን። ለብ ላለው ውሃ ሁለቱ ተስማሙ። በረዶው ውሃ ውስጥ ግን የትኩሳቱ መለኪያ ዝም አለ። ከሠላሳ አምስት በታች አያውቅም። ከሠላሳ አምስት በታች ያለ ልጅ ይኖራል ብሎ የሠራው ሰው አላሰበም።

ሚያዝያ 24

እንዲህ ያለ ቀን...

ፈላጊዎቹ ሸምበቆው ፊት ለፊት ትተውት የሄዱት ቢጫ በርሜል አለ። ታች ድረስ በገመድ የታሰረ፣ ቦታውን የሚያመለክት። እዚያ አጠገብ ኳሱን አወረድነው። ሃያ፣ አርባ፣ ስድሳ ሜትር። ኳሱ መሬት ነካ። ስክሪኑን አየሁ። ሃያ ሁለት ዲግሪ።

ሃያ ሁለት! ታች ሞቋል ማለት ነው። ሊነሳ ነው! ቆሜ ጮህኩ፣ ጀልባዋ ተንገዳገደች። የትንሹን እጅ ያዝኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይዤው አላውቅም ነበር። እጁ ሞቃት ነው። "ሞቋል፣ ሞቋል" እለዋለሁ። እሱ ሽቦውን ያያል። በጣቱ እየዳሰሰ ሽቦውን ተከተለው፣ ሽቦው ከጀልባዋ ብረት ጋር የሚነካካበት ቦታ ላይ ቆመ። የሽቦው ፕላስቲክ ልብስ ተልጧል። ጥፍር የምታህል።

"እማ..."

"ምን?"

"ብረት ነክቶ ነው። መለኪያው ገና ላይ ሳለ ነው ዝም ያለው። ስክሪኑ ላይ የቀረው የላይኛው ውሃ ቁጥር ነው።"

እጁን ለቀቅሁት።

ምናለ ዝም ቢል? ለአንድ ቀን ቢዋሸኝስ? ይኼ ልጅ መዋሸት እንኳ አይችልበትም።

ሚያዝያ 27

ሽቦውን አስተካከለው። ሐይቁ እንደ መስታወት ነበር። ጀልባዋን በርሜሉ ላይ አስረን ሞተሩን አጠፋን። እንዳንንቀሳቀስ። እኛ ካልተንቀሳቀስን ጎማዋ የምትዞረው በውሃው ብቻ ነው።

ሃያ ሜትር፦ ጎማዋ ትዞራለች። ውሃው ወደ ሸምበቆው ይሄዳል። አርባ ሜትር፦ ቀስ አለች። ስድሳ፦ አምስት ዲግሪ። ፍጥነት፣ ዜሮ።

ጠበቅን። ዜሮ። ኳሱን ትንሽ አንስቶ መለሰው። ዜሮ።

አምስት ዲግሪ። አይሞቅም። ለዘላለም አይሞቅም፣ አይነሳም። አለቃው "በጣም" ያለው አምስት ነው። እሺ። አወቅሁት። ሌላውስ?

"ዜሮ ምን ማለት ነው?"

"የቆመ ውሃ ነው፣ እማ።"

"የቆመ ውሃ ሰው ይወስዳል?"

ሽቦውን መጠቅለል ጀመረ።

"እዚህ ከሰጠመ እዚህ ነው ያለው ማለት ነው። እዚህ ደግሞ በመንጠቆ አበጥረውታል። አንተም አብረህ ጎትተሃል። ወንድምህ የት ነው?"

የበርሜሉን ገመድ ፈታ። ሞተሩን አስነሳ። ጀርባውን ሰጠኝ። እስከ ወደቡ ድረስ ጀርባውን ሳይ መጣሁ። አንድም ጊዜ ዞር አላለም።

ሚያዝያ 28

ተናገረ።

ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ ክር ይፈታ ነበር። ፊት ለፊቱ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አልጮህኩም። ቁርስም አልሰጠሁትም። ብቻ ተቀመጥኩ። ክሩ እጁ ላይ እየተወሳሰበ፣ እየተወሳሰበ...

"ጥቁሩ ቋጥኝ ጀርባ ነው" አለ።

ጥቁሩ ቋጥኝ! ከሸምበቆው ማዶ፣ ሌላው ዳር።

"ለምን?"

"ሁሉም ቆመው ነበር፣ እማ። ወደቡ ሙሉ ዓሣ አጥማጅ። አለቃው 'የት ነው?' አለኝ። ሁሉም ጆሯቸውን ቀስረዋል። አፌ ላይ የመጣው ሸምበቆው ነው። ሁልጊዜ 'የት ያዛችሁት?' ሲሉን የምንለው እሱን ነው። ለምዶብኝ... ሳላስበው ወጣ።"

አውቃለሁ። ማንም አጥማጅ ቦታውን አይናገርም። አባታቸውም እንዲሁ ነበር፤ ለኔ እንኳ ተናግሮ አያውቅም። ቋጥኙን ያገኘው ትልቁ ነው። "ለእናታችንም እንዳትነግር" ብሎታል አሉ።

"ሳታስበው ወጣ። በነጋታውስ? ከዚያ ወዲያስ?"

"ነፋሱ ወደ ሸምበቆው ነበር የሚነፍሰው። ውሃው ያመጣዋል አልኩ። ላይ ላዩን ሲሄድ አየዋለሁ እኮ! ታች የቆመ መሆኑን ማን ያውቃል? ከዚያ ቀናት አለፉ... እንዴት ብዬ ልመልሰው?"

"ሰዎቹ ሲጎትቱ አንተም ትጎትት ነበር።"

"እጎትት ነበር።"

"የሌለበትን ቦታ።"

"አዎ።"

አለቀሰ። ብመታው ይቀለው ነበር። ስለዚህ አልመታሁትም።

ሚያዝያ 29

ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ወዴት እንደምሄድ አውቋል።

"እማ፣ ለአለቃው ብቻ ንገሪው። ቢሮው ውስጥ፣ በሩን ዘግተሽ። እለምንሻለሁ፣ ሰው በተሰበሰበበት አትናገሪ። ቦታው ብቻ ነው የቀረን።"

የቀረን! አሁንም ቦታው!

ወደቡ ላይ ሰው የሚበዛበትን ሰዓት ጠበቅሁ። ጀልባዎቹ ሁሉ ገቡ። ሬዲዮም፣ የዓሣ ሴቶቹም፣ ወርቅ ጥርስም፣ አለቃውም ነበሩ። ዓሣ የምናጸዳበት ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ።

"ልጄ ያለው ጥቁሩ ቋጥኝ ጀርባ ነው! ሸምበቆው ጋ አይደለም! ወንድሙ የዋሻችሁ ለዓሣው ብሎ ነው! ዓሣው ሃያ ስምንት ሜትር ላይ ነው፣ አሥራ አንድ ዲግሪ ላይ። ይኼው፣ ሁላችሁም ስሙ! የኔ ልጅ ከሥሩ ነው!"

ትንሹ ከሰው መሃል ቆሞ ነበር። በአጠገቡ ያሉት ትንሽ ፈቀቅ፣ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ቦታ እንደሚለቁለት ዓይነት። ብቻውን ቀረ።

አየሁት። አየሁትና ከጠረጴዛው ወረድኩ።

ግንቦት 2

ወጣ።

በአለቃው ጀልባ ሄድኩ። መንጠቆው ያዘው፤ አራት ሰው ጎተተው። አትዪ አሉኝ። አየሁ። ፊቱ ፊቱ ነው። ነጭ ሆኗል፣ ግን ፊቱ ነው፤ ጢሙ፣ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ። አምስቱ ዲግሪ ጠብቆልኛል። እንዲህ ያስቀመጠልኝን ውሃ ላመስግነው? ጉንጩን ነካሁት። ዓሣ ከበረዶ ሳጥን ሳወጣ እጄ የሚያውቀው ቅዝቃዜ ነው።

ከኋላዬ አንዱ ለአንዱ "ያን ዕለቱኑ ቢነገረን እኮ በአንድ ቀን ነበር" አለው። እንድሰማ ነው? ሰማሁ።

ወደቡ ላይ አለቃው ወደ ጎን ወሰደኝ። "ለሕግ አስከባሪ የሐሰት ቃል መስጠት ወንጀል ነው፣ እናቴ። ግን ልጅ ነው፣ ወንድሙን አጥቷል። እርስዎ ተዉት ካሉ እንተወዋለን። እንደ ድንጋጤ እንቆጥረዋለን።"

ትንሹ ከሱቁ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ያየናል። ምን እንደምንባባል አውቋል። ዓይኑ...

"ሕጉ የሚለውን ያድርጉ" አልኩት።

"እናቴ..."

"እርስዎ ጠየቁኝ። እኔ መለስኩ።"

ወሰዱት። ሰደርያውን አስወለቁት። ለምን እንደለበሰው አላውቅም፣ ወደብ ላይ።

ግንቦት 4

ቀበርነው።

ትንሹ አልነበረም። ሬዲዮ "ለአንዲት ሰዓት እንዲያመጡት ብትጠይቂ እኮ እምቢ አይሉሽም" አለችኝ። እምቢ እንደማይሉ አውቃለሁ።

ግንቦት 5

ዝናብ። አልተኛሁም። አፈሩ ውስጥ ስንት ዲግሪ ይሆን?

ግንቦት 13

ሥራ ገባሁ። ከጥቁሩ ቋጥኝ የመጣ ዓሣ ነው የምናጸዳው። ወፍራም፣ ጀርባው ጥቁር። ሁሉም እዚያ ነው የሚያጠምዱት አሁን፤ ጀልባ ከጀልባ እስኪጋጭ። ቦታውን "የእናትየው" ይሉታል። "ከየት ነው?" "ከእናትየው ነው!" እኔ ስመጣ ዝም ይላሉ። ራቅ ስል እንደገና ይሉታል።

ወርቅ ጥርስ ባለ ድምፁን መለኪያ ሸጦ ጨርሷል። መንገድ ላይ አግኝቶኝ አመሰገነኝ።

ግንቦት 19

ትንሹን ለቀቁት። በር ላይ መጣ። አልገባም። ከስቷል፣ ጸጉሩን ላጭተውታል።

"ጫማዬን ልወስድ ነው።"

"አልጋው ሥር ነው።"

"አምጪልኝ።"

"ግባና ውሰድ።"

አልገባም። እኔም አላመጣሁም። ቆምን። ጎረቤት ልብስ ታሰጣለች፣ የምታሰጣው ግን አንዱን አንሶላ ደጋግማ ነው።

"ከሁለታችን አንዳችን መቅረት ካለበት" አለ፣ "አሁን ሁለታችንም ቀረን። ደስ ይበልሽ።"

ባዶ እግሩን ሄደ። የሰው ጀልባ ላይ ተቀጥሯል አሉ። እዚያው ነው የሚያድረው፣ ጀልባው ውስጥ።

አመሻሽ ላይ ጫማውን ከአልጋው ሥር አወጣሁት። ጠረግሁት። መልሼ አስገባሁት።

ሰኔ 6

ጀልባዋን ራሴ ልይዛት ነው። የምታየኝ ሁሉ "አብደሻል" ትለኛለች። ምን ላድርጋት ታዲያ? ለማን ልሽጣት? ሞተር ማስነሳት ተማርኩ። ሬዲዮ አብራኝ ትወጣለች። የባሏ ወገብ ተበላሽቷል፣ እሷም መብላት አለባት። "አንቺ ዝም ካልሽ እኔ ለሁለታችን አወራለሁ" አለችኝ።

ሰኔ 11

ዛሬ ቋጥኙ ጀርባ ወጣን። ነፋስ ነበር። ከእኛ ሌላ ብዙ ጀልባ አለ። ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ፣ እኔ መንገድ አልጠየቅሁም።

ኳሱን አወረድኩ። አሥራ ስድስት። አሥራ ሦስት። አሥራ አንድ። እዚያ ላይ መጠቅለያውን ቆለፍኩት። እጄ ሊያወርደው ፈልጎ ነበር... ከዚያ በታች አሁን የኔ የሆነ ነገር የለም። ቆለፍኩት። ሬዲዮ ክሩን ያዘች።

ዞርን፣ ዞርን። ሌሎቹ ያወጣሉ፣ እኛን የሚነካን የለም። የውሸት ዓሣውን ቀየርን። የለም። ሬዲዮ ስለ ባሏ፣ ስለ እህቷ፣ ስለ ጎረቤቷ ውሻ ጨረሰች። ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ደግሞ ውሃው ይሰማል።

አንድ ትልቅ ሰማያዊ ጀልባ በአጠገባችን አለፈ። ሦስት ሰው አለበት። አንዱ ባዶ እግሩን ነው፣ ጸጉሩ ገና ማደጉ ነው። አላየሁትም። ማለቴ አየሁትና ዓይኔን ስክሪኑ ላይ መለስኩ። ጀልባው አለፈን። ራቀ። ከዚያ ከኋላ፣ በነፋሱ ላይ፣

"እማ! ሽቦሽ ወደ ኋላ ተኝቷል! ታች ፈጥነሻል፣ ቀንሺ!"

ሽቦውን አየሁ። ተኝቷል። የመለኪያውን ፍጥነት አየሁ፤ ላይኛው ሦስት ይላል፣ ታችኛው ከአራት አልፏል። ውሃው ወደኛ እየመጣ ነው። ይኼን ሁሉ ሰዓት የተጻፈውን ሳላነብ...

ሞተሩን ቀነስኩ። ሽቦው ቀስ ብሎ ቀና አለ።

"ልጅሽ ነው እኮ!" አለች ሬዲዮ።

"ድምፁን አውቀዋለሁ።"

"ኧረ እጅሽን እንኳ አንሺለት፣ አንቺ ሴት! ቆሞ እያየሽ ነው። አሁንም ቆሟል። ኧረ እያየሽ ነው..."

ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ ነበሩ።